ቦራና መብራት የሌለው ሞተር

«ባሌን ሰካራም ያሰኘሽው አንቺ ነሽ፤ አውቄሻለሁ!»

ዳንግላ መናኸሪያ፣ የእንጅባራው ሚኒባስ እስኪሞላ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ እየበላሁ ነበር። ቀና ስል ሴትየዋ ከመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ቆማ፣ ትንሽ ልጅ ቀሚሷን ይዞ፣ ትኩር ብላ ታየኛለች። አለምነሽ ናት፣ የምንይችል ሚስት። ሰባት ዓመት ሆኖናል ሳንተያይ።

«ያሰኘሁት እኔ አይደለሁም፤ ፈረሱ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤቱ አልመጣልኝም፤ ቤት ቁጭ ማለት ደግሞ ቂጤን ያሳክከኛል። ከእንጅባራ አዘና ሰው በሞተር የሚያመላልሱ ወንዶችን ሳይ እነዚህ ከእኔ በምን ይበልጣሉ እል ነበር። መንዳቱን የአጎቴ ልጅ አስተምሮኛል። የጎደለኝ ሞተሩ ብቻ ነው።

ምንይችል ሞተር ነበረው። ወንድሙ ከዓረብ አገር የላከለት፣ ቀይና ነጭ፣ አፍንጫው እንደ ጭልፊት የሾለ። ምንይችል የሚመኘው ግን ፈረስ ነበር። በእኛ አገር በጥር የፈረሰኞቹ በዓል ሲደርስ ፈረስ የሌለው ወንድ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ያያል። እሱ ደግሞ አለምነሽን ሊያገባ ደርሷል፤ አጥር ላይ ሊታይ አልፈለገም።

የአባቴ ፈረስ ቦራ ይባላል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። አባቴን ከልጆችህ ማንን ትወዳለህ ብትሉት ቦራን ነበር የሚላችሁ። ቦራ ልጅህ አይደለም ብትሉት ይቀየማል። አባቴና እናቴ ለተዝካር ግምጃ ቤት ከተማ በወረዱ በማግስቱ፣ እኔ ቦራን በሞተሩ ለወጥኩት። ሠርቼ ሁለት ፈረስ እገዛለታለሁ ብዬ ነበር። እኔ ስሳሳት አስቤበት ነው የምሳሳተው።

በእኛ ዘንድ ፈረስ ሲለወጥ ሁለቱም ወገን በሽማግሌ ፊት ነውሩን ይናገራሉ። ይነክሳል፣ ይራገጣል፣ ውኃ ይፈራል ይባላል። ነውር የደበቀ ለውጡ ይፈርስበታል። ሽማግሌያችን ጎረቤታችን አያ ተሰማ ነበሩ። አባቴ ፈቅዷል ብዬ ዋሸኋቸው።

«የሞተሩ ነውር?» አሉ።

«የውድድር ሞተር ነው» አለ ምንይችል። «ስድስት መቶ ሲሲ፣ መካከለኛ የሚሉት። ለውድድር ሜዳ ብቻ ነው የተሠራው።»

እኔና አያ ተሰማ እኩል ራሳችንን ነቀነቅን። የውድድር ፈረስ ማለት እኮ ከፈረስ ሁሉ የተሻለው ነው። ዛሬ በበዓሉ ይጋልባል፣ ነገ ወፍጮ ቤት እህል ያደርሳል፣ ከነገ ወዲያ ሙሽራ ያመጣል። ውድድር የሚሮጥ ነገር ወፍጮ ቤት መሄድ ያቅተዋል ያለን ማንም አልነበረም። ሞተሩን እንደ ፈረስ ደረቱን ዳሰስኩ፣ ትንፋሹን አዳመጥኩ፣ እግሩን አየሁ።

«ጎማው አልቋል፤ ልሙጥ ነው።»

«ልሙጥ ሆኖ ነው የሚሠራው።»

ውሸታም፣ አልኩ በሆዴ። ውሸት አልነበረም፤ የውድድር ጎማ ከነአፈጣጠሩ ልሙጥ ነው።

«የፈረሱስ ነውር?» አሉ አያ ተሰማ።

«ምንም የለበት» አልኩ። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጤዛው ሳይነሣ ሞተሩን አወጣሁ። የሚቆምበት እግር ስለሌለው ከቀርከሃ አጥራችን ጋር አስደግፌው ነበር፤ አጥሩም አብሮት ተኝቶ አገኘሁት። እየገፋሁ አስፋልት ስደርስ አንዲት አሮጊት ዶሮ ታቅፈው ወደ አዘና የሚወስዳቸው ይጠብቃሉ።

«እማማ፣ ይውጡ!»

ዞሩት። አንዴ፣ ሁለቴ ዞሩት።

«የኔ ልጅ፣ እኔ የት ልቀመጥ ነው?»

ያኔ ገና አየሁት። ከእኔ መቀመጫ በኋላ ያለው ወደ ሰማይ የቀና ጭራ ብቻ ነው፤ ዶሮዋም አትቆምበትም። አፍሬ እጀታውን ጠመዘዝኩት። መካከለኛ ያሉት ይህ ከሆነ ትልቁ ምን እንደሚያደርግ እንጃ! በመንገዱ ዳር የተደረደረው የከሰል ማዳበሪያ አንድ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ አለፈኝ። ፊሽካ ሰማሁና ለማቆም ከአስፋልቱ ወጣሁ። ልሙጥ ጎማና ጤዛ የጠጣ ሣር ሲገናኙ እኔና ሞተሩ በየፊናችን ሄድን። ስነሣ ትራፊክ ፖሊሱ በላዬ ቆሟል።

«ሰሌዳ?»

«የለውም።»

«መብራት?»

«የለውም።»

«ፍሬቻ? መስታወት?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«ይሮጣል።»

«እሱንስ አይተናል» አለና እስከ ቤቴ አስገፋኝ።

ምንይችልም አልቀናውም። ቅዳሜ ዕለት ነጭ ለብሶ፣ ቦራን በጌጡ አሸብርቆ፣ በአለምነሽ ደጅ ሊያልፍ ወጣ። ቦራ ከአንድ አረቄ ቤት ደጅ ሲደርስ ቀጥ አለ። ቢለው፣ ቢጎትተው እንቢ። ባለቤቲቱ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ መለኪያ ሞልታ ወደ ኮርቻው ዘረጋች።

«ውይ! አንተ ደግሞ ማነህ?» አለች ቀና ስትል።

መለኪያውን ቢመልስላት ፈረሱ አይንቀሳቀስም። ጠጣው። መለኪያው ባዶ ሆኖ ሲመለስ ቦራ ሄደ፤ በሁለተኛው አረቄ ቤት ቆመ። ሦስተኛው ከአለምነሽ እናት ቤት ፊት ለፊት ነበር። ምንይችል ከእናትየው ጋር የተያየው መለኪያው ከንፈሩ ላይ ሳለ ነው።

እሑድ አባቴና እናቴ ተመለሱ። ሞተሩ መቆሚያ ስለሌለው በቦራ ገመድ ከቦራ ችካል ጋር አስሬዋለሁ። አባቴ አየው። «ቦራስ?» አለኝ። ነገርኩት። ይመታኛል ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ገመዱን ይዳስስ ጀመር። በዓሉ አምስት ቀን ቀርቶታል። ምነው በመታኝ አልኩ።

በአያ ተሰማ ደጅ ተሰበሰብን። ቦራም መጥቶ ከግራሩ ሥር ታስሯል። እኔ ቀድሜ፣ ሞተሩ መብራት የለው፣ መቀመጫ የለው፣ ብዬ ጮህኩ።

«ነግሮሻል» አሉ አያ ተሰማ። «በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያልገባን እኔና አንቺ ነን። አባትሽ አለመፍቀዱም የእናንተ የቤት ጉዳይ ነው፤ ለውጡ አይፈርስም።»

አባቴ አንገቱን ደፋ። ምንይችል ግን ብድግ አለ። «እኔም አቤት እላለሁ! ነውር ተደብቆብኛል!» ሦስቱን ቤት በየተራ ሲተርክ ሰው ሁሉ በጋቢው ውስጥ ይስቃል። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። አባቴ ጨጓራዬን ብሎ አረቄ ካቆመ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ለእሷ የነገራት እንደዚያ ነው።

አያ ተሰማ ወደ አባቴ ዞሩ። «ፈረስህ ይህን አያደርግም ካልክ ምንይችል ዋሽቷል፤ ፈረሱ የእሱ ነው። ያደርጋል ካልክ ልጅህ ነውር ደብቃለች፤ ፈረሱ ይመለስልሃል። ምን ትላለህ?»

አባቴ ቦራን አየ። እናቴን አየ። መልሶ ቦራን አየ።

«ያደርጋል።»

«ማን አስለመደው?» አለች እናቴ።

«እኔ።»

«ስንት ቤት?»

«ሦስት ነው ያለው ልጁ።»

«አንተን ነው የጠየቅሁህ!»

«አምስት» አለ አባቴ።

ቦራ ወደ ቤቱ፣ ሞተሩም ወደ ምንይችል ተመለሰ። አባቴ ከበዓሉ በፊት የነበሩትን ቀኖች ከጋጣው ጥግ እንዲያድር ተፈረደበት፤ ከቦራ ጋር ነውና ቅር አላለውም። በበዓሉ ዕለት እናቴ ልጓም ይዛ እስከ ሜዳው ሸኘችው። ቦራ በአምስቱም ደጅ ቆመ። እናቴም በአምስቱም ደጅ ከነጠላዋ ሥር ጠርሙስና መለኪያ አውጥታ ለአባቴ ውኃ ቀዳችለት። እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ራሱ የሚያወራውን ትቼ ፈረሱ የት እንደሚቆም አያለሁ።

«እናቴ ባሌን እስከ ዛሬ ‹በፈረስ ላይ የሚጠጣው› ነው የምትለው» አለች አለምነሽ፣ ከሱቋ በር ላይ እንደ ቆመች።

«ጠጥቷል እኮ።»

«ፈረስሽ አስገድዶት!» ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «ሞተሩን ልይ ካልሽ ጓዳ አለ።»

አንገቴን አስግጌ አየሁ። አፍንጫው እንደ ሾለ ነው። ግድግዳ ተደግፎ፣ መቀመጫው ላይ ዶሮ ታቅፋለች።

«ውሰጂው፤ ቦታ ይዞብኛል» አለችኝ።

«መብራት አስገጠማችሁለት?»

«የለውም።»

«የኋላ መቀመጫስ?»

«ኧረ ወዲያ!»

«እንጅባራ አንድ ሰው! እንጅባራ የሞላ!» ብሎ ረዳቱ ጮኸ። ሚጥሚጣ ያልነካትን ድንች ለልጇ ሰጥቼ ገባሁ።