የውሃ ልክ እጅ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰርግ ሲቀርጽ እጁ ንቅንቅ ስለማይል ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ዘንድሮ የእህቱ ልጅ አስፈሪ ፊልም ቅረጽልኝ አለው፤ ተራ ሰው በድንጋጤ የቀረጸው መምሰል አለበት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይንቀጥቀጥ እንጂ!»

ሆን ብሎ ቢያንቀጠቅጠው ዱቄት የሚነፋ መሰለ። ቢቸግረው ካሜራውን ለሚስቱ ሰጥቶ እሱ ከፊት ቆመ። ጭራቁ መቼ እንደሚወጣ አልነገሯትም። ጭምብል ያጠለቀው ተዋናይ ከቁም ሳጥኑ ዘሎ ሲወጣ፣ ካሜራው በእጇ እየተርገፈገፈ ጭራቁን ትቶ ወደ ባሏ ፊት ዞረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ከኋላህ!»

የእህቱ ልጅ በደስታ ጨፈረ። ውሃ ልክ ግን ቀረጻውን ሦስቴ አየውና፣ «ለካ እጄ የማይንቀጠቀጠው የሰው ሙሽራ ስቀርጽ ኖሬ ነው» አለ። «በይ አሁን አንቺ ቁሚ፣ እኔ ልያዘው።»