አራት ሜትር ሳንቃ

ራቢያ ካምፓላ ውስጥ ሙየንጋ በሚባል ሰፈር ቤት ታጸዳ ነበር። ኮሮና ሲገባ አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ሄዱ፤ እሷም ቡኮቶ ሰፈር በተከራየቻት ክፍል ዋለች። ጎረቤቷ አክበረት አስመራ ውስጥ ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ካምፓላ ላይ ቦዳ፣ የተሳፈሩበት የኪራይ ሞተር ሳይክል፣ ከጣላቸው ወዲህ ግን በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚንቀሳቀሱት።

ከበራቸው ወደ ግቢው መውረጃው ደረጃ ነው። ራቢያ ጠዋት ወንበሩን ከኋላ ይዛ ወደ ጸሐይ ታወርዳቸዋለች፤ ሲመሽ እየጎተተች ታስገባቸዋለች።

«ወገብሽን ጎዳሁት። በምን ልካስሽ?» አሏት አንድ ቀን።

«ፊዚክስ ያስተምሩኝ፣ ቲቸር።»

ነርስ መሆን ትፈልጋለች፤ ትምህርቷን ያቋረጠችው ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው።

አክበረት ከሥራ ጀመሩ። «ሥራ ማለት ጉልበት ሲባዛ በርቀት ነው። ግድግዳ ስትገፊ ብትውዪ፣ ግድግዳው ካልተነቃነቀ ሥራ አልሠራሽም።»

«ላቤ ጠብ ብሎስ?»

«ላብሽ ጠብ ብሎም።»

ቀጥለው የራሳቸውን ደረጃ ጥያቄ አደረጉት። እሳቸው ከነወንበሩ ስምንት መቶ ኒውተን ይመዝናሉ፤ ደረጃው ግማሽ ሜትር ከፍታ አለው።

«አራት መቶ ጁል» አለች ራቢያ።

«በደረጃው ፈንታ አራት ሜትር ሳንቃ ዘንበል ቢደረግስ?»

አራት መቶውን ለአራት አካፈለችው። መቶ ኒውተን። አላመነችም፤ ደግማ አካፈለችው።

«ሥራው ያው ነው፣ ጓለይ፣ ልጄ። ርቀቱ ሲረዝም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሰበቃው ትንሽ ይጨምርብሻል እንጂ።»

ራቢያ እርሳሱን አስቀመጠች። «ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም?»

አክበረት ወደ ደረጃው ተመለከቱ። «በየቀኑ እየጎተትሽኝ፣ በዚህ ላይ ደግሞ ሳንቃ ፈልጊልኝ ብዬ እንዴት ላስቸግርሽ?»

ከግቢው ማዶ ያለው አናጢ ካቶ የተረፉ ሰፋፊ ሳንቃዎች ሰጣት፤ መጥቶም ራሱ ደረጃው ላይ ዘንበል አድርጎ ገጣጠማቸው። አክበረት ጎማውን በእጃቸው እየያዙ ወረዱ። ከዚያ ዞረው መውጣት ጀመሩ። ራቢያ ከኋላ እጇን ዘርግታ ተከተለች፣ አልነካቻቸውም። መሐል ላይ አረፍ ብለው በሩ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ወዲያው መልሰው ወረዱና ብቻቸውን እስከ መንገዱ ሄዱ፤ ሮሌክስ፣ እንቁላል የተጠቀለለበት ቻፓቲ፣ ለሁለቱም ገዝተው ተመለሱ።

ራቢያ በፈረንጆች 2022 የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዋን አለፈች። ዛሬ ሜንጎ አካባቢ ነርስነት ትማራለች። ስለ አክበረት ሲጠይቋት፣ «ወንበር ገፋሁላቸው እንጂ ምን አደረግኩ? ያስተማሩኝ እሳቸው» ትላለች። አክበረት ደግሞ በየጠዋቱ ጸሐይ ላይ ሲጸልዩ ከልጆቻቸው ስም ቀጥሎ የእሷን ይጠራሉ።