ግድግዳው ላይ የሚወጡ ጣቶች

የቀኝ ጡቴን በቀዶ ሕክምና ያወጡልኝ ጊዜ፣ ወሰን ሰፈር እናቴ ጋ ነበር የምኖረው። እንጀራዬ ሹሩባ መሥራት ነበር፤ የሰፈሩን ሴት ራስ ከእናቶቻቸው ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ እያልኩ እቀልድ ነበር። ከሆስፒታል ስወጣ ነርሷ ግድግዳ ፊት አቆመችኝ። ግድግዳውን በጣቶች እንደ ጉንዳን ቀስ በቀስ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ክንድ ይከተላል። "ጠዋት ማታ አድርጊው። ክንድሽ ከተኛብሽ አይነሳልሽም" አለችኝ።

ቤት ስገባ የአራስ አልጋ ተነጥፎ ጠበቀኝ። በእኛ ሰፈር ደም የፈሰሳት ሴት ሁሉ አራስ ናት፤ ገንፎ ትበላለች፣ ትሸፋፈናለች፣ ዕቃ አታነሳም። እናቴ ክንዴን በነጠላ ደረቴ ላይ አሰረችው። የነርሷን ቃል ብነግራት፣

"ግድግዳ ቧጥጪ አለችሽ? ስፌቱ ቢፈታ እሷ ናት መጥታ የምትሰፋሽ?" አለች።

ልትጠይቀኝ የመጣች ጎረቤታችን ከገንፎው እየቆረሰች፣ "ተኚ እባክሽ! እኔ ስምንት ወልጄ እንዲህ ያለ አልጋ አላየሁም" ብላ አሳቀችን።

በዚያው ክረምት አንድ እሁድ ቀበሌው ሰዉን ሁሉ ለችግኝ ተከላ ወደ እንጦጦ ይዞ ወጣ። እኔ በበሽተኛነት ቀረሁ። ቤቱ ጭር ሲል ነጠላውን ፈትቼ ጣቶቼን ግድግዳው ላይ አስኬድኳቸው። ብብቴ ውስጥ እንደ ክር የሚወጠር ነገር ያዘኝ፤ ያማል፣ ግን ይወጣ ነበር። እናቴ እጇ ጭቃ እንደሆነ ድንገት ገባች። ትቆጣለች ስል አለቀሰች። ብትቆጣ እከራከራት ነበር። ክንዴን መልሳ አሰረችው፤ ተመልሼ ተኛሁ።

ለእንቁጣጣሽ ደንበኞቼ መጡ። የመጀመሪያዋን ዱካ ላይ አስቀምጬ ከግንባሯ ልጀምር ክንዴን ባነሳ፣ ትከሻዬ ጋ ሳይደርስ ቀጥ አለ።

"መሬት ዝቅ በይልኝ" አልኳት።

"በዓመት በዓል መሬት?" ብላ እየሳቀች ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ለመስቀል ግን ሌላ ጋ ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት።

ለምርመራ ስንመለስ ነርሷ ክንዴን ልታነሳው ሞክራ፣ "ይሄ ታስሮ ነበር። ማነው ያሰረው?" አለች።

"እኔ ነኝ፣ ልጄ። ትዳንልኝ ብዬ" አለች እናቴ።

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "አሁንም ይጀመር፣ እማማ። እንደ ድሮው መሆኑን ግን እንጃ።"

በማግስቱ እናቴ ቀድማኝ ግድግዳው ፊት ቆማ አገኘኋት። "ነይ፣ አብረን እንውጣ" አለችኝ። የሷ ጣቶች ጣሪያው ሥር ሲደርሱ የኔዎቹ ዓይኔ ፊት ቆሙ። አየችና እጇን ቀስ ብላ አውርዳ ከእጄ ትይዩ አደረገችው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልፋኝ አልወጣችም።

ክንዴ እያደር ተሻለው። ልብሴን ራሴ ለበስኩ፤ የእንጦጦ ማርያምንም ዳገት ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ወጣሁት። ዱካ ላይ የተቀመጠ ሰው ለመሥራት ግን ክንዴ ተነስቶ አይቆይልኝም ነበር።

እናቴ ካረጀች በኋላ ፀጉሯን የምሠራላት እኔ ነበርኩ። ጉልበቷ አልታጠፍ እያላት፣ ያንኑ ግድግዳ በእጇ ተደግፋ ዝቅ ትልና መሬት ትቀመጥልኛለች።

"ዱካው ላይ ሁኚ እማዬ፣ እንደምንም እሞክራለሁ" እላታለሁ።

"ዝም ብለሽ ሥሪ" ትለኛለች፣ ፊቷን ሳታዞር።