በወረቀት ላይ የሌለው ጎሽ

አንድ ተራ የሥራ ቀን ጋሽ መነጽርን ይህን ያህል ያስወጣቸዋል፦ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ጉልበት፣ አንድ ኮዳ ውሃ፣ ማታ ከተረከዝ በመርፌ የሚወጣ አንድ ሁለት እሾህ፣ በዚያ ላይ አራት አምስት ዝምታ። ከሁሉም የሚወደደው ዝምታው ነው። ጉልበት ተኝተው ሲነሱ ይመለሳል፤ የተዋጠ ቃል ግን እዚያው ሆድ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጎረብጣል።

መነጽር የተባሉት መነጽር ስለሌላቸው ነው። በአደን አስጎብኚ ድርጅቱ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ዱካ ተከታትለዋል። ሌላው ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ መነጽር የሚፈልገውን ጎሽ እሳቸው በባዶ ዓይን ያዩታል፤ ዕድሜውን ገምተው የትኛው እግሩ እንደሚያነክስም ይጨምሩበታል።

ታዲያ በዚህ ሰሞን አንድ ቤተሰብ ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ አባት፣ እናትና ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃቸው። የመጀመሪያ የአደን ጉዟቸው ነው። አባትየው ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቶበታል አሉ፤ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ በቴሌቪዥን የሚሮጥ አውሬ እየተኮሰ። የቴሌቪዥን ጎሽ ደግሞ ጨዋ ነው፤ ሲመቱት ይወድቃል፣ ሲስቱት ተመልሶ ፊት ለፊት ይቆማል። እናትየዋ ጎሽ እንዳያያት ከጫማ እስከ ባርኔጣ ደረቅ ሣር የመሰለ ልብስ ለብሳ፣ ከወንዝ ማዶ የሚሸት ሽቶ ተቀብታለች። ልጅቷ ያየችውን ሁሉ በስልኳ ቀረጸች፤ ጫካውንም፣ የጫካውን መጸዳጃ ቤትም።

ውላቸው ለአንድ ጎሽ ነው። ሕጉም አጭር ነው፦ ደም ከፈሰሰ ጎሹ እንደተገደለ ይቆጠራል። ቆስሎ ቢያመልጥ እንኳ ፈቃዱ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ሌላ መተኮስ የለም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ መነጽር ከወንዙ በላይ ስድስት ጎሾች አገኙ። የድርጅቱ የአደን መሪ ባለ ሦስት እግሩን የጠመንጃ ድጋፍ ተከለና፣ "ጎኑን እስኪሰጥህ ጠብቅ" አለው አባትየውን። አባትየው ግን ልጁ መቅረጽ መጀመሯን ሲያይ ትዕግሥቱ አለቀና ተኮሰ። የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤ ይሄኛውማ የቀንዱን ባለቤት ነካክቶ ለቀቀው። ጎሾቹ ወደ ታችኛው ወንዝ ፈረጠጡ።

"ሳትኩ" አለ አባትየው፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ።

ጋሽ መነጽር ጎሹ ቆሞበት የነበረው ቦታ ሄደው አጎነበሱ። ጥቂት ጥቁር ፀጉር። ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በሣሩ አገዳ ላይ፣ በጉልበት ቁመት ጠቆር ያለ ደም። እንደ ልማዳቸው ቅጠል ቀጥፈው ከደሙ አጠገብ አኖሩ፤ ዱካው ቢጠፋ ፍለጋው እንደገና የሚጀመረው ከመጨረሻው ቅጠል ነው። አራተኛውን ሲያኖሩ የአደን መሪው ደረሰባቸውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ጋሽ መነጽር፣ ይሄ የፍሬ ጭማቂ አይመስልዎትም?"

"ፍሬ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም።"

"ወፍ ጥላው ይሆናላ።"

"እንግዲያው ወፏ በጎሽ ተቀምጣ ሄዳለች።"

"ይስሙኝ፣ ሰዎቹ ገና ሁለት ቀን አላቸው። ደም አለ ካልን ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ ነው። ይተዉት፤ ነገ ሌላ እንፈልጋለን።"

"ልጄ፣ እሱ የወረደው ወደ ታችኛው ወንዝ ነው። ባለቤቴ ጀሪካን ይዛ የምትወርደው እዚያ ነው። የቆሰለ ጎሽ ደግሞ ቁጥቋጦ ውስጥ ቆሞ ሰው ይጠብቃል፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።"

እናትየዋ ከኋላ፣ "ምን እያሉ ነው?" ብላ ጠየቀች። መሪው ዓይኑን በጨው አጥቦ ተረጎመላት፦ "ለጥቂት ነው የሳቱት፤ በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ተኩስ አላየሁም ይላሉ።" አባትየው ደረቱን ነፋ። የኋለኛው አባባል እንኳ ውሸት አልነበረም።

ከዚያ መሪው ለጋሽ መነጽር ምርጫ ሰጣቸው፦ ወይ መኪናው ላይ መውጣት፣ ወይ የድርጅቱን ሸሚዝ ማስረከብ። ጋሽ መነጽር ሸሚዙን አወለቁ፣ እጅጌውን ወደ ውስጥ መልሰው አጣጠፉት፣ አስረከቡት፤ በካናቴራ ወደ ወንዙ ወረዱ። "አሟቸው ነው" ተብሎ ለእንግዶቹ ተተረጎመ።

ወንዙ ዳር ስምንት ሴቶች ነበሩ። ባለቤታቸው ገና ከሩቅ ስታያቸው፣ "ምነው የልጆቼ አባት፣ ሸሚዝህን አውሬ በላው?" አለች።

"ጀሪካኑን አንሺ። ከዛሬ ጀምሮ በላይኛው መንገድ ነው።"

"የላይኛውማ አንድ ሰዓት ያስኬዳል። ይሄ ወገብ የብረት መሰለህ እንዴ?"

"የቆሰለ ጎሽ አለ።"

"ማን አቆሰለው?"

"ማንም። ስቶታል።"

ሰውየውን አግብታ ልጆች አድርሳለች፤ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ጀሪካኗን አነሳች፣ ሌሎቹንም እያጣደፈች አስነሳች።

በማግስቱ ቤተሰቡ ሌላ ጎሽ አገኘ። ዱካም አላስፈለገ፤ ሹፌሩ ሊሸና ሲወርድ ነው ከዛፍ ሥር የተኛ አንድ ሽማግሌ ጎሽ ያየው። አባትየው በሦስተኛው ጥይት ጣለው። ፎቶው ከአደኑ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ የሟቹ ፊት አቧራ ስለነበረበት እናትየዋ በእርጥብ ሶፍት ጠረገችለት። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲሄዱ ለጋሽ መነጽር "ቶሎ ይሻልዎት" የሚል ካርድ ትተውላቸዋል።

ጋሽ መነጽር ካርዱን ኪሳቸው ከትተው ወደ ደን ጥበቃ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ ጠመንጃ የያዘ አንድ ጠባቂ፣ በታችኛው መንገድ ላይ የሚለጠፍ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ።

"አንድ ተኩስ፣ ስቷል። አንድ ጎሽ፣ ተገድሏል። የቆሰለ የሚል የለም፣ አባት።"

"ደሙን እኔ ነኝ ያየሁት።"

"እርስዎ በዕለቱ ታመዋል ይላል።"

አሠራሩ ነው፤ ለሌለ ጎሽ ጠባቂ አይመደብም፣ ማስታወቂያም አይለጠፍም። ሁሉም በመዝገቡ ተስማምቷል። መዝገቡን ያላነበበው ጎሹ ብቻ ነው።

ጋሽ መነጽር ብቻቸውን ስድስት ቀን ተከተሉት። ቅጠላቸው ስልሳ ሦስት ሲደርስ ዱካው ድንጋያማው ቦታ ላይ ጠፋ። ተስፋ ሊቆርጡ ሲሉ ትናንት ከታችኛው መሻገሪያ አጠገብ ጭቃው ላይ አዲስ ዱካ አገኙ፤ የኋላ ግራ እግሩን ይጎትታል። አልሞተም፣ አልራቀምም። ሴቶቹ ደግሞ በረጅሙ መንገድ ወገባቸው እየተቆረጠ፣ "እስከ መቼ?" ማለት ጀምረዋል፤ ትናንት ሁለቱ ሹልክ ብለው በታችኛው ሊወርዱ ሲሉ ነው የተመለሱት።

ስለዚህ ጋሽ መነጽር ይህን የምታነቡትን ሁሉ እንዲህ ሲሉ ይለምናሉ፦ "እኔ አገኘሁት እስክል ድረስ በታችኛው መንገድ አትውረዱ። ከቁጥቋጦው በላይ አሞራ ሲዞር ካያችሁ ልይ ብላችሁ አትግቡ፤ መጥታችሁ ንገሩኝ፣ ቤቴ ከወፍጮው ጀርባ ነው። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካላችሁም ዛሬውኑ አንብቡለት።"