የዘይነባን ጥያቄ ይዤ ጢቾ ደርሼ መጣሁ

ከአሰላ የወጣሁት ረቡዕ ጠዋት ነው። የምሄደው ጢቾ ሼህ ቃሲም ዘንድ፣ ለልጄ ለዘይነባ ዱዓ ላስደርግላት ነበር። ዘይነባ የሁለት ዓመት ልጇ ታሞ፣ ብዙ ተሰቃይቶ ሞተባት። ከዚያ ወዲህ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ምንም ወንጀል የሌለበት ልጅ ለምን ያን ያህል ተሰቃየ?» ለቅሶ የመጡት ሁሉ እንዲህ አይባልም ብለው ተቆጧት። እሷም ዝም አለች፤ ሶላቷንም ተወች። የልጁን ስም በቤታችን የሚጠራ ጠፋ።

እኔ ብዙ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። ሼሁ ዱዓ ቢያደርጉላት ጥያቄው ከልቧ ይወጣል ብዬ አንድ ቆርቆሮ ማር ይዤ ተነሳሁ።

ሳጉሬ

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ነበር፤ ማሩን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ጭላሎ ጉም ለብሷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ባቄላው አብቦ ሽታው በመስኮት ይገባል። ረዳቱ የምሄድበትን ሲሰማ፣ «አባባ፣ ማሩን ለኔ ይስጡኝና ዱዓውን እዚሁ ላድርግልዎት» አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ሳጉሬ ወርጄ የጢቾ መኪና እስኪሞላ ስጠብቅ ዘይነባ የቋጠረችልኝን ጭኮ ፈታሁ። ገብሱን ቆልታ፣ አስፈጭታ፣ በቅቤ ያሸችው ነው። ካዘነች ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነው። ጣፋጭ ነበር፤ ጥቂት ቀምሼ የቀረውን መልሼ ቋጠርኩት።

ጢቾ

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ወገቤን አንገላታኝ። ሼሁ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ትኩስ ወተት አስመጡልኝ። ማሩን ፊታቸው አስቀምጬ፣ ልጄ ጥያቄዋን እንድትረሳው ዱዓ ያድርጉልኝ አልኳቸው። እሷ እንዳለችው አድርገው ይንገሩኝ አሉ። ነገርኳቸው።

«እንድትረሳው ዱዓ አላደርግም» አሉ።

ደነገጥኩ፤ ማሩ ያነሰ መሰለኝ። እሳቸው ግን ቀስ ብለው አጫወቱኝ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በፋርስ አገር አንድ ቃዲ ነበር አሉ። አላህ ፍትሐዊ ነው፣ ይህንንም ሰው በአቅሉ መርምሮ ሊያውቀው ይችላል ብሎ ያስተምር ነበር። ወንጀል የሌለበት ሕፃን ቢሰቃይ፣ አላህ ካሳውን ሳይሰጠው አይቀርም ይል ነበር።

«ብዙ የተማሩ ዓሊሞች በዚህ አልተስማሙም፤ የኔም አስተማሪ አልተስማሙም። ሰውዬው ግን ጥያቄውን አልሸሸም። ልጅዎም የጠየቀችው አላህ ፍትሐዊ ነው ብላ ስለምታምን ነው። ባታምን ኖሮ ምን ብላ ትጠይቃለች?»

ከዚያ የልጁን ስም ጠየቁኝ። «ኢብሳ» አልኩ። ከቀብሩ ወዲህ አፌ ስሙን ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። እጃቸውን ዘርግተው ለሱም ለእሷም ዱዓ አደረጉ። ከማሩ አንድ ማንኪያ ቀመሱና የቀረውን ለልጄ እንድመልስላት አዘዙኝ።

አሰላ

እዚያው አድሬ ሐሙስ ተመለስኩ። ዘይነባ በር ላይ ቆርቆሮውን ተቀበለችኝና ክብደቱን ስታይ፣ «አልተቀበሉዎትም እንዴ?» አለች። አስቀምጫት ሁሉንም ነገርኳት፤ ዓሊሞቹ እንዳልተስማሙም ጭምር። ሰምታኝ ስታበቃ ክዳኑን ከፈተች።

«ኢብሳ ማር ይወድ ነበር» አለች።

«ጣቱን እየነከረ» አልኳት።

አዛን እስኪል ስለ እሱ ስናወራ ቆየን። ላስረሳት የሄድኩትን ጥያቄ ይዤላት ተመለስኩ፤ አሁን ብቻዋን አይደለችም፣ ለሁለት ነው የያዝነው።