በአንኮበር ተዳፋት ላይ ልጄን በንጉሥ አምላክ ያስቆምሁበት መንገድ

ከደብረ ብርሃን የተነሣሁት ጭጋጉ ሳይገፈፍ ነው። የበኩር ልጄ ተክሌ አንኮበር ላይ የአንዲት ትልቅ ወይዘሮ የግቢ ሹም ነው። እሜቴ ከአዲሱ አዳራሻቸው ሆነው ቆላውን ማየት ስለ ፈለጉ፣ በተዳፋቱ ላይ ያለውን ጽድና ወይራ ሊያስመነጥር እንደ ተነሣ ሰማሁ። ከዛፎቹ ሥር ምንጭ አለ፤ ከምንጩ በታች የሴት ልጄ የአመለወርቅ ቤትና እርሻ አለ። መጥረቢያው ሳይነሣ ልደርስ ቸኮልሁ። ፊደልን ያለ መምህር የቆጠርሁ ሰው ነኝ፤ የማምነው ያየሁትን ነው። በሰፈራችን ተመንጥሮ ምንጩ የደረቀ ኮረብታ አይቻለሁ።

ሜዳው ገብስና ባቄላ ብቻ ነው፤ ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ወደ ማታ ከጎረቤላ አጠገብ አንድ ገበሬ ቤት አሳደረኝ። ቆሎና ጠላ አቀረበልኝ፤ ለበቅሎዬ ገብስ ዋጋ አሞሌ ጨው ሰጠሁት። «አባቴ፣ በቅሎዋ ሳትደክም እርስዎ ደከሙ» ብሎ ቀለደብኝ። መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ከትናንት ጀምሮ ወደ ላይ ሲወጡ እንዳያቸው ሲነግረኝ ግን ጠላውን አስቀምጬ ሳይነጋ ለመነሣት ቆረጥሁ።

በማግስቱ

ገና ሳልደርስ የመጥረቢያው ድምፅ ተሰማኝ። ተክሌ በሰዎቹ መካከል ቆሞ እጁን እየዘረጋ ያዛል።

«ተክሌ፣ በንጉሥ አምላክ፣ ቁም» አልሁት።

ይህን ቃል የሰማ ሰው ዳኛ እስኪያይለት ሥራውን ማቆም አለበት፤ እምቢ ቢል በንጉሥ ላይ እንዳመፀ ነው። መጥረቢያዎቹ ሁሉ ዝም አሉ።

«አባዬ፣ በሠራተኞቼ ፊት?»

«በማንም ፊት።»

እንደ ደንቡ የኩታዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ቋጠርሁና ዳኛ ፍለጋ ወጣን። ከኋላችን አንዱ «ሙሽሮቹ ሄዱ» ሲል ሌሎቹ ሳቁ። ተክሌ አንገቱን ደፋ።

ከአልዩ አምባ ጨው ጭኖ የሚወጣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ አገኘንና የመንገድ ዳኛ ይሁኑን ብለን ለመንነው። ወይራ ሥር ተቀመጠ። እኔ ዛፉ ሲሄድ አፈሩ እንደሚሄድ፣ አፈሩ ሲሄድ ውሃው እንደሚሄድ ተናገርሁ። ልጄ ደግሞ ፈጣሪ ያሳመረውን አገር በቅጠል ጋርዶ መኖር ምን ይጠቅማል ብሎ ተከራከረ።

ነጋዴው ጢሙን እየደባበሰ አዳመጠን። «ወላሂ፣ አንተ አዳራሹን አላየህም፣ እሱም ምንጩን አላየም። ቋጠሮውን ሳትፈቱ ከሁለቱም ዘንድ ቆማችሁ ተመለሱ።»

ከአዳራሹ በር ስንቆም ጭጋጉ ተገለጠ። በተመነጠረው በኩል ጋራ ከጋራ በታች እየወረደ፣ እስከ ቢጫው በረሃ ድረስ ታየ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም። ወደ ምንጩ ስንወርድ ከትናንቱ ጉቶ ሥር የተናደው አፈር አፉን ደፍኖታል። ሴቶች እንስራቸውን አስቀምጠው ውሃው እስኪጠራ ይጠብቃሉ። አመለወርቅም ከመካከላቸው ናት፤ ወንድሟን አይታ ፊቷን መለሰች። ተክሌ ጎንበስ ብሎ ጭቃውን በእጁ ጠረገ፤ ታስረናልና እኔም አብሬው ጎነበስሁ።

ስንመለስ ለዳኛው የተናገረው እሱ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው አይነካም፤ በድንጋያማው ጫፍ ላይ ጥቂት ዛፍ ብቻ ይወርዳል፤ በሌላው ዛፍ ላይ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ ተመልምሎ ቆላው በግንዶቹ መካከል ይታያል፤ የተመነጠረው በድንጋይ እርከን ይያዛል። ነጋዴው ፈረደ፣ ቋጠሮአችንን ፈታ፣ አህዮቹን ነድቶ ሄደ።

እሜቴ ግን ፍርዱን ሲሰሙ ተቆጡ። «ቆላውን በግንድ መካከል አሾልቄ ልየው?»

«እሜቴ፣ ሁሉን ከገለጥሁት በክረምት አዳራሹ ራሱ ይንሸራተታል» አለ ተክሌ።

«እንዳልኸው ሥራው። ሲያልቅ ግን ሹመቱን ለሌላ እሰጣለሁ፤ በሠራተኛ ፊት ተጎትቶ የሄደ ሹም ማንን ያዛል?» አሉ።

ልጄ እስከ ገደሉ አፋፍ ሸኘኝ። ጉልበቴን ሳመ፤ በቅሎዬ ላይ እስክወጣ ሳይጠብቅ ግን ወደ ዛፎቹ ተመለሰ።

ቤት

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። ምንጩ ተረፈ አልኋት።

«ምንጩን አልጠየቅሁዎትም» አለችኝ።

የልጃችንን ነገር እውነቱን ነገርኋት። ልጆች ያላችሁ ይህን ስሙኝ፤ ዛፉን ማስቆሜ ትክክል ነው፤ ነገም አደርገዋለሁ። ነገር ግን ቃሉን ከመጥራቴ በፊት ከጎኑ ቆሜ «ምን እያየህ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ፣ ምንጩም ይተርፍ ነበር፤ እሱም ሹም ሆኖ ይቀር ነበር።