ወተት የሚያንጠባጥበው ዛፍ

ሣህሊቱ የምትንከባከባቸው አሮጊት፣ ሚስ ኦፌሊያ፣ ሜክሲኮ ውስጥ አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማሩ ናቸው። ጡረታ ወጡ እንጂ ማስተማሩን አልተዉም። ሣህሊቱ ጧት ከምትኖርበት ከፌርፋክስ ሰፈር ተነስታ ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈር ያለው አፓርታማቸው ስትደርስ፣ ገና ካልሲያቸውን ሳታጠልቅላቸው ትምህርቱ ይጀመራል።

የጥንቶቹ የሜክሲኮ ሰዎች፣ የአዝቴኮች፣ አማልክት መቼም ተቆጥረው አያልቁም። አንድ ቀን ትላሎክ ይነሳል፤ መነጽር ያደረገ የሚመስል የዝናብ አምላክ ነው። በማግስቱ ሾሎትል፣ ፊቱ የውሻ። ሣህሊቱ ማርያምን የያዘች ሴት ናትና በልቧ ታማትባለች፤ ማታ ግን ለልጇ ለገሊላ አንድም ሳታስቀር ትተርክላታለች። «የሰይጣን ሥራ» እያለች ነገን ትናፍቃለች። የእሷና የአሮጊቷ እንግሊዝኛ እኩል የተሰባበረ ስለሆነ ደግሞ በደንብ ይግባባሉ።

ኦክቶበር ሊያልቅ ሲል፣ አንድ አርብ፣ ሚስ ኦፌሊያ ሳሎን ውስጥ ለሙታን መታሰቢያ ጠረጴዛ አሰናዱ። ሣህሊቱ ቢጫ አበባ ትደረድራለች፤ እሳቸው ፎቶ እያቀበሉ ያብራራሉ። በጥንቱ እምነት ሰው የሚሄድበት እንደ አሟሟቱ ነው። ውኃ የወሰደው ወደ ዝናቡ አምላክ ለምለም አገር ይገባል። በሕመም ወይም በእርጅና የሞተው አራት ዓመት ይጓዛል፤ ወንዙን የሚያሻግረው ውሻ ነው።

«ጡት ያልጣለ ሕፃን ግን አይንከራተትም» አሉ። «አንድ ዛፍ አለ። ቅርንጫፉ ወተት ያንጠባጥባል። ሕፃኑ ከሥሩ ጋደም ብሎ ይጠባል።»

የሣህሊቱ እጅ አበባው ላይ ቀረ።

ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት ሴት ልጅ ሞታባታለች፤ በስልሳ ሁለት ቀኗ። ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀን ሊሞላት አሥራ ስምንት ቀን ነበር የቀራት። ስላልተጠመቀች ፍትሐትም ተዝካርም አልነበራትም። ጎረቤቶቿ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል፣ እርሺያት» ብለው ነው ያጽናኗት። ጡቷ ግን ምክር አልሰማም፤ ሳምንት ሙሉ እየሞላ ቀሚሷን ሲያረጥብ ሰነበተ። ልጄ የት ናት ብላ ቄስ ጠይቃ አታውቅም፣ መልሱን ፈርታ። ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ከነበረችው ከገሊላ ጋርም አንስተውት አያውቁም።

«ያልተጠመቀችስ?» አለች።

«ዛፉ እሱን አይጠይቅም።» ሚስ ኦፌሊያ ትክ ብለው አዩዋትና ነጭ ካርድ አቀበሏት። «ፎቶ ከሌላት ስሟን ጻፊ። ነገ የሞቱ ሕፃናት የሚታሰቡበት ቀን ነው።»

ሣህሊቱ ጻፈች። ከዚያ ኩሽና ገብታ አንድ ብርጭቆ ወተት ቀዳች። ዕለቱ አርብ ነው፣ እሷ ጾመኛ ናት፤ ሕፃን ግን ጾም የለበትም ብላ እስከ አፉ ሞላችው።

በዛፉ አመነች ማለት አይደለም። ግን ከአገሯ ውቅያኖስ ማዶ ያለ አንድ ሕዝብ፣ ያውም በዚያ ዘመን፣ የእሷን ልጅ ለመሰለች ሕፃን ቦታ አዘጋጅቶ እንደነበር ስታውቅ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ከካርዱ ጎን አስቀመጠች። «ተመስገን» አለች፣ ለራሷ አምላክ።

ስልኳ ጮኸ። ልትወስዳት የመጣችው ገሊላ ናት። «እማ፣ ቀይ መስመር ላይ ነው ፓርክ ያደረግኩት፣ ይቀጡኛል፣ ቶሎ ውረጂ ፕሊስ!»

ሣህሊቱ ግን ስልኩን ዘግታ እዚያው ጠረጴዛው አጠገብ ቆየች። ገሊላ እየተነጫነጨች ወጣች። ከበሩ እንደገባች ወተቱን አየች፣ ቀጥሎም የእናቷን የተንጋደደ ጽሑፍ አነበበች። ካርዱ «እታገኘሁ» ይላል።

«እማ… ይሄን ስም እኮ ያወጣሁላት እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ፣ ልጄ።»

«ሶ አልረሳሻትም? እኔ እንዳላስለቅስሽ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት።»

«እኔም አንቺ የረሳሻት መስሎኝ ነው።»

ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ያኔ ያልተለቀሰውን ሁሉ። ሚስ ኦፌሊያ አማርኛውን የሰሙ ይመስል ከወንበራቸው ሆነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሣህሊቱ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። አሮጊቷ ይህ ልማድ ምን እንደሆነ ባያውቁም ፀጉሯን ዳበሱላት።

ታች ሲወርዱ የመኪናው መስታወት ላይ የቅጣት ወረቀት ተሰክቷል። ገሊላ ሳታነበው አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ለእናቷ በሩን ከፈተችላት።

«እስቲ ንገሪኝ» አለች፣ ሞተሩን ሳታስነሳ። «ፀጉር ነበራት?»

«ብዙ» አለች ሣህሊቱ። «ልክ እንዳንቺ።»